ከማኅተም እስከ ይለፍ ቃል፤ መዝገብን የመክፈትና የመጻፍ ሥልጣን በታሪክ

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ቃል የጽሕፈትን ጥቅም ባጭሩ የሚያስረዳ ቢሆንም፥ አንድ ከባድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። የተጻፈው ነገር ሳይፋቅና ሳይለወጥ ለወራሹ ይደርስ ዘንድ፥ መዝገቡን ማን ይክፈት? ማን ያንብበው? ማንስ ይጻፍበት? መንግሥትም ሆነ ቤተ ክህነት፥ ነጋዴም ሆነ ባለርስት፥ መዝገብ መያዝ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ይህ ጥያቄ ሳያሳስበው የቀረበት ዘመን የለም።

ዛሬ መዝገባችን ከብራናና ከወረቀት ወደ ሰርቨር እየተዛወረ ነው። ሰርቨር ማለት በአንድ ስፍራ ተቀምጦ፥ በመረብ ከእርሱ ጋር ለተያያዙት ለብዙ ኮምፒዩተሮች መዝገብ የሚያቀርብ፥ ከእነርሱም የሚቀበል ዋና ኮምፒዩተር ነው። በቀድሞው ጊዜ መዝገብ ለመክፈት ወደ ዕቃ ቤቱ መሄድና ቁልፍ መያዝ ግድ ነበር፤ አሁን ግን በሩቅ ወረዳ የተቀመጠ ጸሐፊ ከወንበሩ ሳይነሣ ከፍቶ ሊጽፍበት ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ጉዳዩን ከባሕር ማዶ የመጣና ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው አዲስ ነገር አድርገው ይመለከቱታል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሻው፥ መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ጉዳዩ ጥንታዊ መሆኑን ነው። መዝገብ የመክፈት ሥልጣን በስም ሲሰጥ፥ በልክ ሲሰጥና በምስክር ሲሠራበት አደራው ይጠበቃል፤ ከሦስቱ አንዱ በጐደለ ጊዜ ግን ቁልፉ ብረትም ቢሆን፥ ቃልም ቢሆን፥ ቤቱ ክፍት ነው።

በወንጌል ገጽ የተመዘገበ ርስት

በአገራችን የመሬት ስጦታና የርስት ውል ከሌላው ጽሑፍ ይልቅ በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። በዛሬዪቱ ኤርትራ የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ዘሐም የወርቅ ወንጌል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሰጡ የጉልት ስጦታዎችን ይዟል፤ ከእነዚሁም መካከል የንጉሥ ላሊበላ ስጦታ ይገኝበታል። በጎንደር ዘመንም እንዲሁ፥ እቴጌ ምንትዋብ ባሠሯት በደብረ ፀሓይ ቍስቋም፥ በጎጃምም በሞጣ ጊዮርጊስና በሌሎች አድባራት፥ የመሬት ስጦታ፥ ሽያጭና ውርስ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ይመዘገብ ነበር።

ይህ አሠራር ብራና ስለ ተወደደ ብቻ የተደረገ አይደለም። የሥርዐቱን አካሄድ ለተመለከተው ሰው የረቀቀ ጥበብ ነበረበት። መጽሐፉ በዕቃ ቤት ስለሚቀመጥ ያገኘው ሁሉ አይከፍተውም። ጽሕፈትን የሚያውቅ ካህን ወይም ደብተራ ካልሆነ በቀር ሌላ ሰው አይጽፍበትም። ከውሉ ሥር የሹማምንቱና የሽማግሌዎቹ ስም በምስክርነት ይዘረዘራል። በመጨረሻም ቃሉን ለሚፍቅ፥ ለሚለውጥና ለሚተላለፍ ሁሉ ግዝት ይጻፍበታል። እንግዲህ የማንበብና የመጻፍ ሥልጣን መለየት፥ የድርጊቱን ምስክር በዚያው በመዝገቡ ላይ ማስፈርና ለተላላፊው ቅጣት መወሰን፥ በዚህ ዘመን የኮምፒዩተር ሊቃውንት የሚያስተምሩት ሦስት ነገር ሲሆን፥ አባቶቻችን ይህን በአንድ ገጽ ላይ አከናውነውት ነበር።

ነገር ግን የሥርዐቱን ጉድለት ሳንናገር ብናልፍ ታሪክን ማጣመም ይሆናል። በመዝገቡ ላይ ስሙ የሚጻፍ ጌታው እንጂ አራሹ አልነበረም። ማንበብ የማይችለው ባላገርም ስለ ራሱ መሬት ምን እንደ ተጻፈ ለማወቅ የሌላውን ሰው ዐይን መለመን ነበረበት። መዝገብ እንዳይለወጥ መጠበቁ ብቻ ፍትሕን አያስገኝም፤ መዝገቡ የሚነካው ሰው የራሱን ጉዳይ የማየት መብት ሊኖረው ይገባል።

ገበዝና ቁልፉ

ከመዝገቡ ወደ ቁልፉ እንለፍ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የዕቃ ቤቱ ኀላፊ ገበዝ ነው። ንዋየ ቅድሳቱን፥ መጻሕፍቱንና አልባሳቱን ቈጥሮ ይረከባል፤ ሲሻርም ቈጥሮ ያስረክባል። ኀላፊነቱ የታወቀ በመሆኑ አንድ ጽዋ ቢጠፋ የሚጠየቀው ማን እንደ ሆነ ሕዝቡ ያውቃል። ይህ ሥልጣንን በስም መስጠት ነው።

ለምእመናን ገንዘብ ግን የአንድ ሰው ታማኝነት ብቻ በቂ ሆኖ አልተገኘም። ሙዳየ ምጽዋት በልማድ ከአንድ የበለጠ ቁልፍ ይደረግለታል፤ ቁልፎቹም ለልዩ ልዩ ሰዎች ተከፋፍለው ይያዛሉ። አንዱ ያለ ሌላው ሊከፍት አይችልም፤ ሲከፈትም ገንዘቡ በሰው ፊት ይቈጠራል። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ካዝናን በሁለት ሰው ቁልፍ መክፈት የታወቀ አሠራር ነው። ይህ ሁሉ ቁልፍ ያዡን በሌብነት ከመጠርጠር የመጣ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። በእውነቱ ግን ሁለተኛው ቁልፍ ከማንም በፊት የሚጠብቀው የመጀመሪያውን ቁልፍ ያዥ ነው፤ ሐሜት በተነሣ ጊዜ «ብቻዬን አልከፈትሁም» ለማለት ያስችለዋልና።

ማኅተምና ብዕር

በቤተ መንግሥት ደግሞ የሥልጣን ምልክት ማኅተም ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ቃል ትእዛዝ የሚሆነው በጸሐፌ ትእዛዙ እጅ ተጽፎ፥ የአንበሳው ማኅተም ሲያርፍበት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1900 ዓ. ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ፥ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትርነቱን ያዙ። ቀድሞ በቤተ መንግሥቱ ልማድ ይሠራ የነበረው የጽሕፈት ሥራ በዚህ ጊዜ የታወቀ መሥሪያ ቤት ሆነ።

ይሁን እንጂ ማኅተም የማን ቃል እንደ ሆነ ቢመሰክርም፥ ቃሉ ምን እንደ ሆነ አይመረምርም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ለዚህ መራራ ምስክር ነው። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቃል፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል ሊገለገሉ እንደሚችሉ ሲናገር፥ የኢጣልያንኛው ቃል ግን ይህን ግዴታ አድርጎ ጻፈው። ፊርማውም ማኅተሙም እውነተኛ ነበር፤ ሐሰቱ የገባው በጽሑፉ ውስጥ ነው። የዚህም ፍጻሜ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዐድዋ ታየ። እንግዲህ በትክክለኛ ስምና በትክክለኛ ይለፍ ቃል የተጻፈ መዝገብ ሁሉ እውነት ነው ብሎ የሚያምን ኀላፊ ካለ፥ ከውጫሌ ታሪክ ገና አልተማረም ማለት ነው። ጻፊው ከታወቀ በኋላ የተጻፈውን የሚያመሳክር ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል።

ከነጻነት መመለስ በኋላ በ1934 ዓ. ም. ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቋመ፤ በጥር ወር 1935 ዓ. ም. ደግሞ የሚኒስትሮችን ሥልጣን የሚወስነው ትእዛዝ ቁጥር 1 ወጣ። የያንዳንዱ ሚኒስቴር ሥራ በጽሑፍ ተለይቶ መወሰኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የተጻፈው ወሰን ሁልጊዜ በሥራ ላይ አልዋለም። ከ1933 እስከ 1947 ዓ. ም. የጽሕፈት ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ፥ ከጽሕፈት ሚኒስቴር ጋር ሌሎች ሚኒስቴሮችንም ደርበው የያዙበት ጊዜ ነበር። ወደ ንጉሠ ነገሥቱ የሚገባውና ከንጉሠ ነገሥቱ የሚወጣው ወረቀት በእርሳቸው በኩል ያልፍ ስለ ነበረ፥ ኀይላቸው ከማዕርጋቸው ስም እጅግ የበለጠ እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። በ1947 ዓ. ም. ከሥልጣናቸው ተነሥተው ወደ አርሲ ጠቅላይ ግዛት ተላኩ። እኛ እዚህ ላይ የምንመለከተው የሰውዬውን ጠባይ አይደለም። ብዕሩ፥ ማኅተሙና በሩ በአንድ እጅ የተሰበሰቡለት ሰው፥ ደግም ቢሆን ክፉ፥ ከተጻፈው ወሰን በላይ መውጣቱ እንደማይቀር ለማስገንዘብ ነው። በያንዳንዱ ሰርቨር ላይ እንዲህ ያለ ሥልጣን ያለው አንድ ስም አለ፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የይለፍ ቃል መወለድ

አሁን ወደ ባሕር ማዶ እንሻገር፤ በዚህ ክፍል የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በመጀመሪያው ጊዜ አንድ ኮምፒዩተር የሚያገለግለው በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ስለ ነበረ፥ የክፍሉን በር መቆለፍ ይበቃ ነበር። በ1961 ግን በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት፥ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በአንድ ኮምፒዩተር የሚሠሩበት ሥርዐት ለትርኢት ቀረበ። ብዙ ሰዎች አንድ ቤት ሲጋሩ የእያንዳንዱን ሣጥን ከሌላው መለየት ግድ ስለሚሆን፥ ለያንዳንዱ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ተሰጠው። የኮምፒዩተር የይለፍ ቃል ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የመጣሱም ታሪክ ብዙ አልዘገየም። በ1962 አለን ሸር የተባለ ተመራማሪ ተማሪ፥ በሳምንት የተፈቀደለት የኮምፒዩተር ሰዓት ስላነሰው፥ የሁሉም ሰዎች ይለፍ ቃል የተጻፈበት ፋይል ታትሞ እንዲወጣለት አዘዘ፤ ማሽኑም ታዘዘ። በ1966 ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ደረሰ። የዕለቱ ማስታወቂያ የሚጻፍበት ፋይልና የይለፍ ቃላቱ ፋይል በስሕተት ተለዋወጡና፥ ወደ ኮምፒዩተሩ የገባ ሰው ሁሉ በማስታወቂያው ፈንታ የሁሉንም ተጠቃሚዎች ይለፍ ቃል አነበበ። በሁለቱም ጊዜ ከውጭ የመጣ ጠላት አልነበረም። የመጀመሪያው ከተፈቀደለት ልክ ያለፈ የቤት ሰው ነበር፤ ሁለተኛው የአስተዳዳሪ ስሕተት ነበር። ይህን ልብ ልንለው ይገባል፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በብዙው የእነዚህ የሁለቱ መደጋገም ነውና።

ከዚህ በኋላ ሊቃውንቱ ሥርዐት ወደ መሥራት ተመለሱ። በ1960ዎቹ አጋማሽ መልቲክስ በተባለው ሥራ፥ እያንዳንዱ ፋይል ማን ሊያነብበው፥ ማን ሊጽፍበት እንደሚችል የሚያሳይ የስም ዝርዝር እንዲኖረው ተደረገ። በ1969 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የጀመሩት ዩኒክስ ደግሞ ነገሩን ቀለል አድርጎ፥ ሰዎችን በባለቤት፥ በቡድንና በሌሎች ከፈላቸው፤ ሥልጣኑንም በማንበብ፥ በመጻፍና ፕሮግራምን በማሠራት ወሰነው። ከሁሉ በላይ የሆነውን፥ ምንም የማይከለከለውን ተጠቃሚም «ሩት» አለው። በ1975 ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የመረጃ ጥበቃን መሠረታዊ ደንቦች በጽሑፍ ሲያወጡ፥ ከደንቦቹ አንዱ ለማንም ሰው ሥራውን ከሚያሠራው የበለጠ ሥልጣን እንዳይሰጠው ይላል። ሌላው፥ ለከባድ ጉዳይ የሁለት ቁልፍ ያዦች መስማማት እንዲያስፈልግ ነው። የሙዳየ ምጽዋቱ ልማድ በሌላ አገር፥ በሌላ መንገድ የመሣሪያው ደንብ ሆነ ማለት ነው።

በኋለኛው ዘመን ነገሩ ወደ ቢሮ ገባ። ማይክሮሶፍት በ1993 ዊንዶውስ ኤንቲን፥ በ2000 ደግሞ አክቲቭ ዳይሬክተሪ የተባለውን የተጠቃሚዎች ማውጫ ባወጣ ጊዜ፥ አንድ አስተዳዳሪ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ የብዙ መቶ ኮምፒዩተሮችን ደንብ መወሰን ቻለ። የይለፍ ቃሉ ስንት ፊደል ይሁን? ስንት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ይታገድ? ማን በየትኛው ሰዓት ይግባ? ይህ ሁሉ በአንድ መመሪያ ተጽፎ በመረቡ ውስጥ ይታወጃል። የአዋጅ ነጋሪው ሥራ በማሽን ተተካ ማለት ይቻላል።

ነገሩ ወደ አገራችን ሲገባ

በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ. ም. ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወረዳ ኔት የተባለው የመንግሥት መረብ ተዘርግቶ፥ ወረዳዎች በሳተላይት ከክልልና ከፌደራል መሥሪያ ቤቶች ጋር መገናኘት ጀመሩ። በዚህም ጊዜ የመዝገብ ጉዳይ የዋና ከተማ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ሕጉም ተከትሎ መጣ። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በኮምፒዩተር አማካይነት ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች አንቀጾችን ያዘ። በ1999 ዓ. ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ተቋቋመ። በ2008 ዓ. ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ፥ ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ ሆን ብሎ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዐት የገባውን ሰው ይቀጣል። «ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ» የሚለው ሐረግ በመንግሥት ሠራተኛ ዘንድ በቀይ ቀለም ሊሰመርበት የሚገባ ነው። ወንጀለኛው ከውጭ ሰብሮ የገባው ብቻ አይደለም፤ በሩን እንዲከፍት የተፈቀደለት ሰው የማይመለከተውን ሣጥን ቢከፍት እርሱም ተጠያቂ ነው። በ2016 ዓ. ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የዜጋውን መረጃ የያዘው መሥሪያ ቤት ስለ አያያዙ ግዴታ እንዳለበት ደነገገ።

በዚያው ዓመት አገሪቱ በሙሉ የተነጋገረበት አንድ ነገር ደረሰ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ. ም. ለ7 አጥቢያ ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዐት ላይ በተፈጠረ ችግር፥ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ከተማሪ ወደ ተማሪ ተዛምቶ፥ በዩኒቨርስቲዎች ግቢ ባሉት የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ሌሊቱን ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ እንደ ተወሰደ አስታወቀ፤ ከዚያም በኋላ አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል። የነገሩም ምክንያት ከውጭ የመጣ ጥቃት ሳይሆን፥ በሥርዐቱ ላይ ከተደረገ የማሻሻልና የፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተገለጸ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፥ በሰርቨር ላይ ትልቁ ሥልጣን ገንዘብ የማውጣት ወይም መዝገብ የመጻፍ ሥልጣን አይደለም፤ ደንቡን ራሱን የመለወጥ ሥልጣን ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ለውጥ በሌላ ስፍራ ተሞክሮ፥ በሁለተኛ ሰው ተመርምሮ መግባት ይኖርበታል። ሁለተኛ፥ ደንበኛው ያደረገውን ሁሉ በስሙ የያዘ መዝገብ ስለ ነበረ ገንዘቡን ፈልጎ ለማስመለስ ተቻለ። ደንቡ ለአንድ ሌሊት ቢወድቅም ምስክሩ አልጠፋም ነበር።

የጥርባው ገበሬና የወረዳው ሰርቨር

ነገሩን ይበልጥ ለማቅረብ፥ በአዊ ዞን በምትገኘው በጥርባ የሚኖር አንድ ገበሬ እንውሰድ። የአማራ ክልል በ1992 ዓ. ም. አዋጅ ቁጥር 46ን፥ በ1998 ዓ. ም. አዋጅ ቁጥር 133ን፥ በ2009 ዓ. ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 252ን ስለ ገጠር መሬት አስተዳደር አውጥቷል። በምዝገባው ጊዜ ሕዝቡ የመረጠው የቀበሌ ኮሚቴ ወሰኑን ከጎረቤት ጋር እያመሳከረ መዘገበ፤ የተመዘገበው በሕዝብ ፊት ቀርቦ ተቃውሞ ያለው እንዲናገር ተጠየቀ፤ ከዚህ በኋላ ባልና ሚስት ፎቶግራፋቸው የተለጠፈበትን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተቀበሉ። እነሆ በወንጌሉ ዘመን ያልነበረው ነገር ተገኘ፤ የአራሹ ስም ከነሚስቱ በመዝገብ ገባ፥ ምስክሩም ሕዝቡ ሆነ።

ይህ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ግን ያ ሁሉ ምስክር ከዐይን ይርቃል። ገብስና ድንች የሚዘራበት፥ ዲከረንስ ተተክሎ ለከሰል የሚቆረጥበት ማሳ በሰርቨሩ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። በወረቀት መዝገብ ላይ አንድ ቁጥር ቢፋቅ ፍቁ ይታያል፤ ቀለሙም ይለያል። በሰርቨር ላይ ግን አዲሱ ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ ዐይነት ነው። ፍቁን የሚያሳየን ማን፥ በየትኛው ቀንና ሰዓት፥ ከምን ወደ ምን እንደ ለወጠ የሚመዘግበው የድርጊት መዝገብ ብቻ ነው። ይህ እንግዲህ የዘመኑ የምስክሮች ዝርዝር ነው።

ስለዚህ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሥልጣኑ መከፋፈል ይኖርበታል። መዝጋቢው አዲስ ጉዳይ ይጻፍ፤ የጻፈውን ግን ራሱ አያጽድቅ። ኀላፊው ያጽድቅ፤ ራሱ ጽፎ ራሱ አያጽድቅ። ሒሳብ ሠራተኛው ክፍያውን ይመልከት፤ የማሳውን ወሰን አይንካ። የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ማሽኑን ይጠብቅ፤ የመሬት ውል ጸሐፊ ግን አይሁን። ቀደም ብለን የጠቀስነው፥ ምንም የማይከለከለው ስም በእርሱ እጅ ስለ ሆነ፥ በዚያ ስም የዕለት ሥራውን ሊሠራበት አይገባም። የድርጊት መዝገቡም እርሱ ብቻ ሊሰርዘው በሚችልበት ስፍራ መቀመጥ የለበትም፤ አለዚያ ምስክሩን ለተመስካሪው አሳልፎ መስጠት ይሆናል።

እዚህ ላይ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የምናየውን አንድ ልማድ ሳንጠቅስ ማለፍ አይቻለንም። አንድ የተጠቃሚ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ለአምስት ለስድስት ሰው ይሰጣል፤ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ በኮምፒዩተሩ መስታወት ጠርዝ ላይ ይለጠፋል። ይህ የሚደረገው በክፋት አይደለም፤ ሥራ እንዲፈጥን፥ ባለጉዳይ እንዳይጉላላ ተብሎ ነው። ነገር ግን የጋራ ስም ማለት ስም የለሽነት ነው። የጥርባው ገበሬ ግማሽ ማሳው ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ቢገኝ፥ የድርጊት መዝገቡ የሚመሰክረው የስድስቱን የጋራ ስም ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ጥፋተኛው ከአምስቱ ንጹሓን ጀርባ ይሸሸጋል፤ አምስቱም ንጹሕነታቸውን የሚያስረዱበት ነገር አያገኙም። «አደራ ጥብቅ ነው፥ ሰማይ ሩቅ ነው» የተባለው ባለአደራው በታወቀ ጊዜ ነው፤ ባለቤት የሌለው አደራ ግን አደራ ሊባል አይችልም።

ሌላው ደግሞ የርክክብ ነገር ነው። ሠራተኛ ሲዛወር ወንበሩና ጠረጴዛው፥ መደርደሪያውና ማኅደሩ በጽሑፍ ይቈጠራል፤ ክሊራንስ ከየክፍሉ ሳያስፈርም አይሄድም። በሰርቨሩ ላይ ያለው ስሙ ግን በብዙ ስፍራ ሳይዘጋ ይቀራል። አንድ አሮጌ ወንበር እንዳይጠፋ የምንጠነቀቀውን ያህል፥ የሺህ ሰው ርስት የሚከፍተውን ቁልፍ ልንጠነቀቅለት በተገባ ነበር። በክሊራንሱ ወረቀት ላይ አንድ መስመር መጨመር ገንዘብ አይጠይቅም።

ጥበቃ በዛ የሚሉ ሰዎች

ይህን ስንል ሥራ አስቸጋሪ ሊሆን ነው የሚሉ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ ክርክራቸውም ፍሬ አለው። «ማኅተም የያዘው ሰው ወጥቷል» ተብሎ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ባለጉዳይ ሦስት ጊዜ ሲመለስ ያላየ ሠራተኛ ማን ነው? ያው ነገር አሁን «ይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሠራተኛ ዕረፍት ላይ ነው» በሚል ቃል ተተክቶ ቢመጣ፥ ሥልጣኔ መጣ ለማለት አንደፍርም። ቁልፍን መጠበቅ ለሕዝብ ጥቅም እንጂ ሕዝብን ለማራቅ አይደለም።

መፍትሔው ግን ቃሉን ማካፈል ሳይሆን ሥልጣኑን በውክልና መስጠት ነው። ኀላፊው ሲወጣ ለተተኪው በተተኪው በራሱ ስም፥ ለተወሰነ ቀን፥ ለተወሰነ ጉዳይ ሥልጣን ይሰጠው፤ ሲመለስም ያ ሥልጣን ይነሣ። በደብዳቤ የምንሠራውን ውክልና በሰርቨሩም እንሥራው ማለት ነው። ደንቡም ሰውን የሚያደክም መሆን የለበትም። የአሜሪካ የደረጃና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ኢንስቲትዩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ባወጣው መመሪያ፥ ቃሉ የተሰረቀ መሆኑ ካልታወቀ በቀር ሰዎችን በየጊዜው ይለፍ ቃል ለውጡ ብሎ ማስገደድ እንዳይደረግ፥ ይልቁንም ረዘም ያለ ቃል እንዲመረጥ መክሯል። ሰው የማይችለው ደንብ ሲወጣበት ቃሉን በወረቀት ይለጥፋልና። ከልክ ያለፈ ጥበቃ ራሱ ወደ መዝረክረክ ይመልሳል።

እንግዲህ ከወንጌሉ ኅዳግ እስከ ሰርቨሩ ያለውን ረዥም መንገድ ስንመለከት፥ ብራናው ወደ ወረቀት፥ ወረቀቱ ወደ ማሽን ቢለወጥም፥ መዝገብን የሚጠብቀው ሰው ነው። ማሽን የታዘዘውን ይፈጽማል፤ በ1962 የሌላውን ሰው ምስጢር አትመህ አውጣ ሲባል አውጥቷል፤ ነገም ይታዘዛል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ኀላፊ «ይህ የኮምፒዩተር ባለሙያው ጉዳይ ነው» ብሎ ከጉዳዩ ሊርቅ አይገባውም። ለማን ምን ያህል ሥልጣን እንደሚሰጥ መወሰን የአስተዳደር ሥራ ነው፤ ባለሙያው የተወሰነውን በማሽኑ ላይ ይጽፋል። መምህራንም ለተማሪዎቻቸው የይለፍ ቃልን ነገር ሲያስተምሩ፥ ቃሉን ሸሽግ ብቻ ብለው እንዳይተዉ፥ ቃሉ ስምህ ነውና በስምህ ሌላ ሰው እንዲጽፍ አትፍቀድ ብለው ቢያስተምሩ መልካም ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ሥራው ዛሬ በትንሹ ይጀመር። በየጽሕፈት ቤቱ የጋራ የሆነው ስም ይዘጋ፤ ለያንዳንዱ ሠራተኛ በስሙ፥ በሥራው ልክ ሥልጣን ይሰጠው፤ የተዛወረው ይሰረዝ፤ የድርጊት መዝገቡም በየወሩ በሁለት ሰው ፊት ይነበብ። ይህን ለማድረግ አዲስ ሰርቨር መግዛት አያስፈልግም። የጥርባው ገበሬ ሰርቨሩን አይቶት አያውቅ ይሆናል፤ የማሳው ወሰን ግን በዚያ ይኖራል፤ እርሱ በሌለበት መዝገቡን የሚከፍተው እጅ የማን እንደ ሆነ በማናቸውም ጊዜ ቢጠይቅ፥ መልስ የማግኘት መብት አለው።